ሁለት ንጉሥ ያነገሠች እስረኛ፦ የአንዲት ባሏ የሞተባት የጆሶን ንግሥት ጉዳይ

ይሄን ኬዝ ለምን መረጥኩት

የኮሪያ የታሪክ ድራማ የሚከታተሉ ጓደኞቼ ሁሌም አንድ ጥያቄ አላቸው። ንጉሡ ሞተ፣ ሚስቱ ገና ልጅ ናት፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች፣ ለምን ጓዟን ጠቅልላ እናት አባቷ ቤት አትገባም? አጭሩ መልስ አትችልም ነው። ረጅሙን ለማስረዳት ብዙ ንግሥቶችን ከመደርደር አንዷን ይዞ ከሠርጓ እስከ መቃብሯ መከተል ይሻላል ብዬ ይሄን አዘጋጀሁ።

ጉዳይ ጥናት ላይ የሰው ስም አይጠራም። እዚህ ነገሥታቱን የግድ መጥራት አለብኝ፣ ሌሎቹን ግን በዝምድናቸውና በሥራቸው ነው የምጠራቸው። እሷንም ንግሥቲቱ እላታለሁ። ታሪክ ላይ ኢንሞክ ተብላ ነው ያለችው፣ ይሄ ግን ከሞተች በኋላ የተሰጣት የክብር ስም ስለሆነ በሕይወት እያለች በዚህ የጠራት አንድም ሰው የለም። ጆሶን የምለው ያኔ ኮሪያን ይገዛ የነበረውን መንግሥት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው

በ1602 ንጉሥ ሶንጆ 50 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያዋ ንግሥት ልጅ ሳትወልድ በ1600 ሞታለች፣ ከቁባቶቹ ግን ብዙ ወንዶች ልጆች አሉት። ንግሥት የሌለው ቤተመንግሥት ደግሞ በነሱ ወግ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ ከመኳንንት ቤት አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ተመርጣ ተዳረችለት። የገባችበትም ቤት ቢሆን ስሙ ቤተመንግሥት ይሁን እንጂ በ1592 ጃፓኖች ሲወሩ ዋና ዋናዎቹ ቤተመንግሥቶች ተቃጥለው ስለነበር ንጉሡ ከስደት ሲመለስ የአንድ ልዑል መኖሪያ የነበረ ግቢ ውስጥ ነው የተጠለለው። ይሄ ግቢ ወደኋላ ዋና ቦታችን ስለሚሆን ያዙት።

አሁን ዋናው ነገር። አልጋ ወራሹ ጓንግሄ የተወለደው በ1575 ነው፣ ማለት ከአዲሷ የእንጀራ እናቱ በ9 ዓመት ይበልጣል። ይሄ ሰው ዝም ብሎ የተሾመ አይደለም፣ ወረራው ሲመጣ ተቻኩለው አልጋ ወራሽ አደረጉት፣ አባቱ ወደ ሰሜን ሲሸሽ እሱ ግማሹን መንግሥት ይዞ ሕዝብ ሲያስተባብር የቆየ ሰው ነው። ግን ሁለት ጉድለት አለበት፣ የቁባት ልጅ ነው፣ የበኩር ልጅም አይደለም። በዚህ ምክንያት የቻይናው ሚንግ መንግሥት አልጋ ወራሽነቱን አላጸድቅም እያለ በተደጋጋሚ መልሶታል።

ንግሥቲቱ በ1603 ሴት ልጅ ወለደች፣ እዚህ ድረስ ችግር የለም። በ1606 ወንድ ወለደች። ከንግሥት የተወለደ ብቸኛው ወንድ! ጓንግሄ 31 ዓመቱ ነው፣ ጦርነት አሳልፏል፣ አሥራ አራት ዓመት አልጋ ወራሽ ሆኖ ጠብቋል፣ እና በሕግ ከሱ የሚበልጥ ባላንጣ አንቀልባ ላይ ተኝቷል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ ለሰውየውም አዝንለታለሁ።

ባል የሞተባት ንግሥት ምንድን ናት?

ይሄን ካልገባን ቀሪው አይገባንም። በጆሶን ባሏ የሞተባት ሴት ሁለተኛ ታገባለች ማለት ነውር ብቻ ሳይሆን ሕግም የሚቀጣው ነገር ነበር፣ በ1485 በሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ሕግ ሁለተኛ ያገባች ሴት ልጆች ለመንግሥት ሹመት ፈተና እንዳይቀመጡ ከልክሏል። ይሄ እንግዲህ ለመኳንንት ሚስት ነው፣ ለንግሥትማ ጥያቄውም አይነሳም።

በምትኩ የምታገኘው ዴቢ የሚባል ማዕረግ ነው፣ የቀድሞ ንጉሥ ሚስት፣ የአሁኑ ንጉሥ እናት እንደማለት። ወለደችውም አልወለደችውም በሕግ እናቱ ናት። ንጉሡ ሄዶ ደጅ ይጠናታል፣ እንዴት አደርሽ ይላታል፣ ፊቷ ይሰግዳል። ወላጅን ማክበር የመንግሥቱ መሠረት በሆነበት አገር እናቱን ያዋረደ ንጉሥ ሕዝብን አክብሩኝ ማለት አይችልም።

ከዚህ በላይ አንድ ተጨማሪ አለ። ንጉሥ ሞቶ ተተኪው መሾም ሲኖርበት ማኅተሙንና አዋጁን የምትሰጠው ዴቢዋ ናት። ንጉሡ ሕፃን ከሆነ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ እሷው ታስተዳድራለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1469 አንዲት ዴቢ እንደዚህ ለልጅ ልጇ ሰባት ዓመት ያህል አስተዳድራለች። ንጉሡ ትልቅ ሰው ከሆነ ግን ሥራ የላትም። ክብሩ አለ፣ ሥልጣኑ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፊርማ ይዛ እንደተቀመጠች ሴት አስቧት።

1608፦ ፊርማው በነፃ ሄደ

ሶንጆ በ1608 ሞተ። ንግሥቲቱ ገና 24 ነበረች፣ ወንድ ልጇ ሁለት ዓመት አልሞላውም ወይም ገና እየሞላው ነው። ሟቹን ንጉሥ ይቀርብ የነበረው ዋና ሚኒስትር ሕፃኑ ይንገሥና አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ሁኚ የሚል ሐሳብ ነበረው ይባላል። እሷ እምቢ አለች። በኮሪያ ፊደል የተጻፈ ትእዛዝ አውጥታ፣ ማኅተሙን አስረክባ፣ የእንጀራ ልጇን አነገሠችው።

ለምን? ባሏ መጨረሻ ላይ ጓንግሄ ይንገሥ ብሎ ስለነበር አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሁለተኛው፣ የኔ ግምት ነው፣ ጎመን በጤና ያለች ይመስለኛል። የጦር አዋቂ የሆነ የ33 ዓመት ሰው ላይ ጡት ባልጣለ ልጅ ስም መነሳት እብደት ነው፣ በዚያ ላይ ያ ሚኒስትር በዚያው ዓመት ነው የጠፋው።

ጥፋቷ ማንገሷ አይደለም። ጥፋቷ ምንም ሳትጠይቅ ማንገሷ ነው። በዚያች ቀን ብቻ እሱ ለሷ ፈላጊ ነበር፣ በማግስቱ እሷ ለሱ ፈላጊ ሆነች።

ሟቹ ንጉሥ ደግሞ በደጉ አስቦ ሌላ ጣጣ ጥሎ ሄደ። ለሰባት ሹማምንት ልጄን አደራ፣ ሕፃን ነው ጠብቁልኝ የሚል ደብዳቤ ትቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰባት ሰው አለ፣ ከሰባቱ አንዱም ጦር የለውም። ጠላት ሲያነበው ግን ልጁን ሊያነግሡ የሚችሉ ሰዎች ዝርዝር ሆኖ ታየው። አደራው ልጁን አልጠበቀውም፣ አደራ የተባሉትንም አስጠረጠራቸው።

1613፦ ከሌባ ክስ እስከ ሕፃኑ

የሚገርመው ነገሩ የጀመረው ከቤተመንግሥት ሩቅ፣ በተራራ መተላለፊያ ላይ በተፈጸመ ዝርፊያ ነው። አንድ የብር ነጋዴ ተዘርፎ ተገደለ። ዘራፊዎቹ ሲያዙ የመኳንንት ልጆች ሆነው ተገኙ፣ ግን ከቁባት የተወለዱ ስለሆኑ ሹመት የማያገኙ፣ ሰባት ሆነው የሚኖሩ ወጣቶች። ምርመራው ላይ አንዱ ገንዘቡ ለመፈንቅለ መንግሥት ነው፣ የምናነግሠው የንግሥቲቱን ልጅ ነው፣ አባቷም አለበት ብሎ ቃል ሰጠ። በዚያን ጊዜ ምርመራ ማለት ግርፋት እንደሆነ ልብ በሉ። ራሱን ለማዳን ይበለው፣ በል ተብሎ ይበለው፣ ቃሉ ግን ለሚፈልጉት ሰዎች በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ናዳ ነው። አባቷ መርዝ እንዲጠጣ ተፈረደበት። ወንድሞቿ ተገደሉ። እናቷ ከጊዜ በኋላ ወደ ጄጁ ደሴት ተጋዘች። እዚያ የጠላ ቅራሪ የመሰለ መጠጥ እየጠመቁ ይሸጡ ነበር፣ ዛሬ ኮሪያ ውስጥ ሞጁ የሚባለው መጠጥ ስሙን ያገኘው ከሳቸው ነው የሚሉ አሉ፣ የንግሥት እናት ቅራሪ ሻጭ። ንግሥቲቱን የሚያገለግሉ ሴቶች ደግሞ በሟቿ የመጀመሪያ ንግሥት መቃብር ላይ መተት አድርጋችኋል ተብለው እየተጎተቱ ወጡ፣ ብዙዎቹ ከምርመራው አልተመለሱም።

ልጁን አሳልፋ እንድትሰጥ ሰው ተላከባት። ሰባት ዓመቱ ነበር። ከቤተመንግሥት ሴቶች ወገን በኮሪያ ፊደል የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አለ፣ ማን እንደጻፈው አልተመዘገበበትም፣ የቀኑን ነገር በዝርዝር ያወራል። ጽሑፉ ፍጹም ለሷ ያደላ ስለሆነ ሌላው ላይ ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፣ ልጅ ከእናት ላይ ሲነጠቅ የሚለውን ግን ለማመን የሚከብድ አይደለም። ልጁ ወደ ጋንግኋ ደሴት ተወሰደ፣ በ1614 እዚያው ሞተ። በብዛት የሚነገረው የደሴቱ ሹም ክፍሉን ዘግቶ፣ የኮሪያ ቤት ከወለሉ ሥር እሳት ስለሚነድበት፣ ወለሉ እስኪግል እንጨት አስማግዶ ነው ገደለው የሚለው ነው። ሌሎች አሟሟቶችም ይነገራሉ። የትኛውም ቢሆን የመንግሥት ጠላት የተባለው ሰው ስምንት ዓመት ነው የኖረው።

የምዕራብ ቤተመንግሥት

ጓንግሄ በ1615 ወደ ታደሰው ቻንግዶክጉንግ ቤተመንግሥት ተዛወረ። የእንጀራ እናቱን አልወሰዳትም። ያ የስደት ጊዜ ግቢ ውስጥ ከሴት ልጇና ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ቀረች።

እስከ 1617 ድረስ በወረቀት ዴቢ ናት። ከዚያ ማዕረጓ ይነሳ የሚል ዘመቻ ተጀመረ፣ ሹማምንቱም አንድ በአንድ አቋማችሁን አስታውቁ ተባሉ። አብዛኛው ፈረመ። ጥቂቶች እናትን ከእናትነት መሻር አይቻልም አሉ፣ ከነሱ አንዱ በጦርነቱ ጊዜ አገሩን ያገለገለ የታመመ ሽማግሌ ነበር፣ ወደ ሰሜን ተግዞ በ1618 እዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ እሷም ተሻረች። ዴቢ መባሏ ቀረ፣ ቀለቧ ተቀነሰ፣ ሹማምንት ሰላም ሊሏት መሄድ ቆሙ፣ መጠሪያዋም ሰው ሳይሆን ቤት ሆነ፣ ሶጉንግ፣ የምዕራብ ቤተመንግሥት። ሴት ልጇም ከልዕልትነት ማዕረጓ ወረደች።

እዚህ ላይ የቀን ተቀን ኑሮዋን የሚያሳይ ትልቅ ታሪክ የለም። በር ይዘጋል፣ ዘበኛ ይቆማል፣ ልብስ ያልቃል፣ ጫማ ያልቃል፣ የሚተካ አይመጣም። እናትና ልጅ የቻይና ፊደል በብሩሽ ይጽፋሉ። ይሄን የማውቀው ልጅቷ ኋላ ላይ በኮሪያ ከታወቁ ሴት የቁም ጸሐፊዎች አንዷ ስለሆነች ነው፣ ያ እጅ የተሠራው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። በአሥር ዓመቷ ገብታ በሃያ ዓመቷ ወጣች። ዛሬ ግቢው ሶል መሃል ከተማ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዶክሱጉንግ ነው፣ ውስጡ ቀለም ያልተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት አለ፣ ከሷ ጋር የሚያያዙት እሱን ነው። በ1904 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ተቀብቶ ያ ቤት ብቻ ባዶ እንጨት ነው።

ጓንግሄ ለምን አልገደላትም? ይሄ ነው የኬዙ ቁልፍ። ልጇን ገደለ፣ አባቷን ገደለ፣ እሷን ግን አልነካም። እናት መግደል እሱም ቢሆን የማይሻገረው መስመር ነበር። ስለዚህ ማዕረጓን አነሳ፣ ግን ሰውዬዋ አለች፣ በሕይወት እስካለች ድረስ ደግሞ ፊርማዋ አለ።

1623፦ ፊርማው ዋጋ ተጠየቀበት

በ1623 ጸደይ አንድ ሌሊት የሶንጆ የልጅ ልጅ የሆነ ልዑል፣ ታናሽ ወንድሙ በጓንግሄ ዘመን ተከሶ በግዞት የሞተበት፣ ወታደር አስከትሎ ከተማዋ ገባ። ቤተመንግሥቱ ተቃጠለ፣ ጓንግሄ አጥር ዘሎ የአንድ ሐኪም መኖሪያ ውስጥ ተደበቀ፣ ተያዘ። ወታደራዊው ነገር በአንድ ሌሊት አለቀ።

ግን ያሸነፈው ሰው ገና ንጉሥ አይደለም፣ አመፀኛ ነው። ንጉሥ የምታደርገው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ የተዘጋ በር ጀርባ ናት።

መጀመሪያ ሰዎች ላከ። እንደሚነገረው አሥር ዓመት ሙሉ ማንም እንዴት ነሽ ያላለኝ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው በውድቅት ሌሊት ያለ ጸሐፊ የምትመጡት ብላ መለሰቻቸው። ጠይቀው የሚያጅቧት መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ልዑሉ ራሱ መምጣት ነበረበት፣ መጣ፣ ግቢው ላይ ተደፍቶ ስለዘገየ ይቅርታ ጠየቀ። አሁንም አላለቀም፣ መጀመሪያ ማኅተሙን ስጡኝ አለች። ሰዎቹ ተጠራጠሩ፣ ይህቺ ሴት ማኅተሙን ይዛ ሌላ ሰው ብትሾምስ? በመጨረሻ ሰጧት። ይዛ ቆየችና በገዛ እጇ ለሱ ሰጠችው። ኢንጆ ተብሎ ነገሠ፣ የነገሠውም እዚያው እሷ የታሰረችበት ግቢ ውስጥ ባለ ትንሽ ቤት ነው።

ማኅተሙ በመጨረሻ ለዚያው ሰው መሄዱ አይቀርም ነበር፣ እሷም ታውቃለች። ግን የ1608ቷ ሴት ማኅተሙን ዝም ብላ ሰጥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች፣ የ1623ቷ መጀመሪያ ማዕረጌን መልሱ፣ ስገዱ፣ እጄ ላይ አድርጉት አለች። በአዋጇም ጓንግሄን ዘርዝራ ከሰሰችው፣ ወንድሙን ገደለ፣ እናቱን አሰረ፣ ቤተመንግሥት ሲያስገነባ ሕዝቡን አደቀቀ፣ የሚንግን ውለታ ረሳ ብላ። ያ ክስ ለአዲሱ መንግሥት የሕጋዊነት ወረቀት ሆኖ አገለገለ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው መቆየቷ ነው። ሴት ልጇን ይዛ መቆየቷ። ልጅቷ በዚያው 1623 በክብር ተዳረች፣ ሰፊ ቤትና መሬት ተሰጣት።

ያልሠራው በቀሉ ነው። ንግሥቲቱ የጓንግሄን አንገት ጠየቀች። በደንብ ጠየቀች፣ ደጋግማ። ያ ግቢ ላይ አስንበርክካ ክሱን አስነበበችበት ይባላል። አዲሱ ንጉሥና ሰዎቹ ግን የተሻረ ንጉሥ መግደል አይሆንም ብለው እምቢ አሉ። ለነሱ ያስፈልጉ የነበሩት ፊርማዋና ክሷ ናቸው፣ ሁለቱንም አግኝተዋል፣ ሐዘኗ የሷ ጉዳይ ነው። ጓንግሄ በግዞት ከደሴት ደሴት ሲዞር ኖሮ በ1641 ጄጁ ላይ በእርጅና ሞተ። እሷ የሞተችው በ1632 ነው። ዘጠኝ ዓመት ቀድሟት ተወለደ፣ ዘጠኝ ዓመት አልፏት ኖረ።

ሌላው ያልሠራው፣ ለልጇ ያገኘችው ከለላ ከራሷ ትንፋሽ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። እሷ እንደሞተች ወዲያው ቤተመንግሥቱ ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ ተብሎ ልጅቷ በመተት ተጠረጠረች፣ አገልጋዮች ተገረፉ። ያውም እናቷ ባነገሠችው ንጉሥ ዘመን! ልጅቷ ግን ቻለችበት፣ ቤቷ ቁጭ ብላ አራት ነገሥታት አሳልፋ በ1685 በ82 ዓመቷ ሞተች።

ለሌላ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር

ባሏ የሞተባት፣ ከሷ የሚበልጡ የእንጀራ ልጆች ያሏት፣ አንድ የውርስ ወረቀት ላይ ፈርሚ የተባለች ሴት ለማግኘት ቤተመንግሥት መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ እንዲህ አስባለሁ፣ ፊርማሽ የሚፈለግበት ቀን አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የምትጠይቂውን በዚያ ቀን ጠይቂ፣ በማግስቱ ምስጋና ነው የሚቀርሽ። ስለ ልጆቿ የሚጽፍ ባል ካለ ደግሞ አደራውን የሚጽፍለት ሰው አደራውን ለመወጣት አቅም አለው ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ አቅም የሌለው ሰው ስም መጻፍ ለልጁም ለሰውየውም ጠላት መግዛት ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ለሷ ሲሉ የመጡ የሚመስሉ ሰዎች ለራሳቸው ምን ፈልገው እንደመጡ ቀድሞ ማወቅ፣ የ1623ቷ ንግሥት ይሄን ግማሹን አውቃለች፣ ግማሹ አምልጧታል።

ዝም ብላ መቆየቷን ግን እንደ ምክር ማስቀመጥ አልፈልግም። እሷ የቆየችው የሚገድላት ሰው የሚፈራው ሕግ ስለነበረ ነው። ያ ሕግ በሌለበት ቦታ መቆየት ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ

ከሶል ደቡብ አንሶንግ አካባቢ ቺልጃንግሳ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ፣ ለአባቷና ለልጇ ነፍስ የምታስጸልይበት ነበር። እዚያ በእጇ የጻፈችው አንድ ግጥም ተጠብቆ ቆይቷል። ስለ ያረጀ በሬ ነው። ዓመታት አርሷል፣ አንገቱ ተልጧል፣ ቆዳው አልቋል፣ አሁን የሚፈልገው መተኛት ብቻ ነው። እርሻው አልቋል፣ ዝናቡም በቂ ነው። ባለቤቱ ለምን ገና ጅራፍ ያነሳል ይላል።